ዓይኑን የከደነ

ፊልሙን ያየነው በሙህዬ ስልክ ነበር፣
ዝናብ ሥራ አስፈትቶን፣ ባጃጅ ተራው ዳር፣
አራት ሰው አንድ ሸራ ሥር፤
መስታወቱ ተሰንጥቆ የተዋናዮቹን ፊት
ለሁለት ይገምሰዋል፣ እንደ ተቆረሰ ብስኩት።

መቶ ልጅ፣ መቶ ወንበር፣ ከየራሱ በላይ መቶ አምፖል፤
ሕጉ አንድ ነው፦ ዓይን መክደን ክልክል።
የከደነ እንደሆን አምፖሉ ድርግም ይላል፣
ከወንበሩ ሥር ወለሉ አፉን ይከፍታል።
ወዴት እንደሚወድቅ ካሜራው አያሳይም፤
የወደቀ ልጅ ስሙ ዳግመኛ አይነሳም።
ሕዝቡ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ይወራረዳል፣
«አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው» ይላል ለፍላፊው፣ «አጥንተ ጠንካራ፣ ይቆያል!»
አንዲት እናት ልጇ ሲያዛጋ አይታ
የራሷን አፍ በእጇ ትይዛለች።

«ይሄማ ማትሪክ ነው» አለ ሙህዬ፣ እየሳቀ፣
«ወለሉ ብቻ ነው የራቀ።»
እኛም ሳቅን። ፈንታው ሁለቴ የወደቀ፣ እኔ አንዴ የወደቅሁ።
ዝናቡ አባራ፤ ሞተሬን አስነሳሁ።

ማታ፣ የመጨረሻውን ሰው ቧንቧ ውሃ አድርሼ
ስመለስ፣ ለቤንዚኑ ሳስቼ
ቁልቁለቱን በማርሽ አልባ ስንሸራተት፣
ጉሙ ከጦሳ ወርዶ አስፋልቱን ሲልሰው
ቀና ብዬ አየሁ ተዳፋቱን የሞላው
የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በየሥሩ አንዳንድ መስኮት፣
አንዳንድ ቢጫ መብራት።
ከመስጊዱ ጎን ያለው የአረቡ ልጅ ነው፣
ጫት እያመነዠከ ኬሚስትሪ የሚሸመድደው።
ከእሱ በላይ ያለችው ጠጉሯን ከምስማር ታስራለች ይባላል፣
ስታንቀላፋ እንዲጎትታት።

አንዱ ድርግም አለ።
ፍሬን ያዝሁ።
ሌላው ድርግም አለ፤ ከሥሩ ያለው ተከተለ።
መብራት ኃይል ቢሆን ሰፈሩ አብሮ ይጨልማል፤
ይሄ ግን አንድ በአንድ ነው። አንድ በአንድ ይወድቃል።

እንግዲህ ከወለሉ በታች ያለሁት እኔ ነኝ፣
ካሜራው ያላሳየኝ፣
ከወደቅሁ አራት ዓመቴ።
ታች ምን እንዳለ ልንገራችሁ፦
መጀመሪያ አባትህ ራዲዮኑን ያጠፋል፣
ለሳምንት ስምህን ትቶ «ያ ልጅ» ይልሃል፣
ጎረቤት «ጤናውን ይስጠው» ይላል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ድምፁን ሰብሮ።
ከዚያ ይነጋል።
ይነጋል እኮ ነው የምላችሁ!
የአጎትህ ባጃጅ ሹፌር ያጣል፣
ጎማ መፍታት ትለምዳለህ፣
የሐረጎን መታጠፊያ በጉም ውስጥ በጆሮህ ታውቃለህ፣
ይርብሃል፣ ትበላለህ፣ ዕቁብ ትገባለህ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ይሞላሃል፣ ማንም ሳይወራረድብህ።

ቤት ስደርስ ከሌሊቱ ስድስት ሆኗል። የእህቴ መስኮት በርቷል።
ዘምዘም እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ እንቅልፍ እንዲሸሽ፣
ውሃው እንደ በረዶ፣
ግንባሯ ፊዚክሱ ላይ ወድቆ፣
የእስኪርቢቶ ቀለም ጉንጯ ላይ አንድ ቀስት ስሏል፣
የኃይል አቅጣጫ ይሁን የምን እንጃ።
ፈተናው ሰኞ ነው። ጎበዝ ናት። አባቴ ለሰው ሁሉ ተናግሯል።

ሳፋውን ጎትቼ አወጣሁ፤ አንድ እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን
በጃኬቴ አደረቅሁ፤ ጣቶቿ
እንደ ተነከረ ባቄላ ተጨማደዋል።
«ነቅቻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።
«አውቃለሁ» አልኋት።

ወለሉን በተረከዜ መታ መታ አደረግሁት፤
ሲሚንቶ ነው፣ አምና ከሙህዬ ጋር ያፈሰስነው፣
ጥጉ ላይ የድመት ዱካ ያለበት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተሞላውን አላርም ወደ አሥራ ሁለት ገፋሁት፣
እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድሁ።
ከጦሳ ላይ ሆኖ ለሚቆጥር ሰው
አንድ መስኮት ጎደለ።