ሁለት ምት

መጀመሪያ አንድ ቡድን ነበር፤ የእድሩ።
ቀጥሎ የሥራው፣ ቀጥሎ የሕንጻው፣ ቀጥሎ የሰፈሩ፤
ቀጥሎ የልጄ ክፍል እናቶች፣ ቀጥሎ የእቁቡ፤
ሁሉም በአንዲት አረንጓዴ በር ገቡ።

ማሪቴስ፣ የሌሊት ፈረቃ አለቃችን፣
የተራ ሰሌዳውን ከግድግዳ ነቅላ
"አፑ ላይ እዪው" አለችኝ፣ ፈገግ ብላ።
ሚስተር ኮዋልቹክ፣ ባለ ሕንጻው፣
ማሞቂያ ቢጠፋ፣ ጣሪያ ቢያፈስ፣
ሲደወልለት አያነሣም። "ጻፊልኝ" ነው።

አልፈልግም ማለት ይቻላል?
ይቻላል ይላሉ፤ ማንም አያስገድድም።
ወንዙን ተሻገሪ ያለሽ የለም፤
ድልድዩ ግን አንድ ነው፣
እሱም የሰው ነው።

የአክስቴ ልጅ ስመኝ ሦስት ወር አኮረፈችኝ።
ጥፋቴ፦ ሁለት ሰማያዊ ጭረት።
"አንብበሽ ዝም አልሽኝ።"
ያነበብኩት አሳንሰር ውስጥ፣ መወልወያ ታቅፌ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጓንት እጄ መሆኑን
ጭረቱ አይነግራት።

ስንቱ ነው መልካም ጠዋት፣ ስንቱ ጽጌረዳ፣
ስንቱ ነው "ለአሥር ሰው ካልላክሽ" የሚል ዕዳ፣
የአንዷ የድምፅ መልእክት ሰባት ደቂቃ ከሃያ፣
ግማሹ ሳል፣ ግማሹ "እና ምን ልልሽ" ማቆያ።

ጥር ውስጥ፣ ዊኒፔግ፣ ኤሊስ ጎዳና፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፣ ሽፋሽፍቴ ሲጣበቅ፣
ስልኬ አርባ በመቶ እያለው ድርግም ብሎ ጠፋ።
እንደዚያ ቀን ተንፍሼ አላውቅም።
ቤት ሲሞቀው ነቃ፣
ከመቶ ሠላሳ ሁለት ያልተነበቡ ጋር።
ጣቴን ጫንኩ። አረንጓዴዋ ተንቀጠቀጠች፣
ቢላ እንዳየች ዶሮ።
አጠፋኋት።

አሥራ ሁለት ቀን።
በሦስተኛው፣ ፈረቃዬ ተቀይሮ ሳላውቅ
የሌላ ሰው ሌሊት ሠርቼ አደርኩ።
በአምስተኛው እቁብ አለፈኝ፤ ሃምሳ ዶላር ቅጣት።
በስምንተኛው ክፍሉ ሁሉ በፒጃማ፣
ልጄ ናኦድ ብቻውን በሸሚዝ ዋለ።
ማታ አላናገረኝም።
በአሥራ ሁለተኛው የጋሽ ልሣኑን የወንድም ልጅ
ደረጃው ላይ አገኘኋት፤ ቻርጀር ልትወስድለት መጥታ።
"ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ነው፤
አልሰማሽም እንዴ? ቡድኑ ላይ ተጽፏል እኮ።"

ጋሽ ልሣኑ አንደኛ ፎቅ ነው።
እኔ ሦስተኛ።
በመካከላችን ሠላሳ አራት ደረጃ።

መልሼ ጫንኳት። ምን ላድርግ።
ከጎርፉ ውስጥ የእሱ አንዲት መስመር ወጣች፣ የአሥር ቀን፦
"ልጄ፣ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ ወድቄያለሁ፤ ብቅ በዪ።"
እሱ ጋ አሥር ቀን ሙሉ አንድ ግራጫ ጭረት።
እኔ ስከፍተው፣ አልጋው አጠገብ፣ ሁለት ሆነች፤ ሰማያዊ ሆነች።
ይህን ያህል ፈጣን ነው።

ያዳነችው ግድግዳ የምትጋራው ቬትናማዊት ናት።
ቋንቋችንን አታውቅም፤ ከየትኛውም ቡድን የለችም።
ጆሮ ነበራት።

መጋቢት ላይ በምርኩዝ ገባ።
ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት
"ተዪው" አለ፤ "ደረጃ መኖሩን እኔም ረስቼ ነበር።"
ከዚያ ከመሳቢያ ማንኪያ አወጣ።
የማሞቂያው ቧንቧ ከእሱ ሳሎን ተነሥቶ
በእኔ መኝታ ቤት ያልፋል።
ሁለት ምት፦ ደህና ነኝ።
ሦስት፦ ነዪ።
የእኔ መልስ፦ አንድ።
የይለፍ ቃል የለው፣ "እየጻፈ ነው" የለው፣
ጽጌረዳ አይልክ።

ትናንት ማታ ስልኬ በራ። የሕንጻው ቡድን፤ ሚስተር ኮዋልቹክ፦
"ቧንቧ የሚደበድበው ማን ነው? በአስቸኳይ ይጻፍልኝ።"
አነበብኩት።
ማንበቤንም ያያል፤ ይየው።
ከታች፣ ኳ፣ ኳ።
ማንኪያዬን ፍለጋ ተነሣሁ።