ምስል አራት

ታኅሣሥ ነበር በትሮንድሄም፤ ስምንት ተኩል ሳይሞላ ቀኑ ጨልሞ፣
የወንዙ ዳር መጋዘን፣ በእንጨት እግሩ፣ በረዶ ላይ ቆሞ።
እኔ ከማሞቂያው ጥግ፣ እግሬን በሁለት ካልሲ ጠቅልዬ
ስለ ሙቀት እጽፍ ነበር፦ «ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት» ብዬ።

ቁጥሩ ከጋምቤላ ነው፤ ከባሮ ማዶ፣ ከአጁሉ ኦቻን ቤት፣
ከአልጋዋ በላይ ካንጠለጠልኩት፣ ክብሪት ከሚያህል መለኪያ ያወጣሁት።
ስሰቅለው ቀና ብላ አይታ፣ «ይሰማል ወይስ ይቆጥራል?» አለች፤
«ይቆጥራል» አልኳት። «ይቁጠር እንግዲህ» ብላ ወደሚደርቀው ዓሣዋ ዞረች።

ያ ቤት ድሮ የሣር ነበር። በኋላ አንድ የተራድኦ ድርጅት መጣ፤
ሣሩ ወረደ፣ ቆርቆሮ ወጣ፤
ከቆርቆሮው ጋር ቀትር ቤት ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤
የልጅ ልጇ ጀርባ በሙቀት ሽፍታ ተለበጠ።

አጁሉ ማንንም አልጠየቀች። ልጆቿን አዘዘች፣ እንጨት አስተከለች፣
ከቆርቆሮው በላይ፣ ክንድ የሚያህል ክፍተት ትታ፣ ሣር አለበሰች፤
ነፋስ በመሃል እንዲያልፍ። «ቆርቆሮም» አለችኝ «እንደ ሰው ጥላ ይወዳል።»
ይህቺን ለመጻፍ አሥራ አራት ገጽ ፈጀሁ፤ አሁንም አንድ ነገር ይጎድላል።

ያን ዕለት ከመጽሔቱ ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛ ዙር። ሁለተኛው ገምጋሚ፣
ስሙ የተሸሸገ፣ ፊቱ የማይታይ፣ ብዕሩ ግን አድካሚ፦
«ጥናቱ መልካም ነው፤ ግን የአካባቢ ነው። ለቀረው ዓለም ምን ይጠቅማል?
በሐሩር አገር ዘላቂ ንድፍ ላይ የተጻፈው ሁሉ ተጠቅሷል?
እንግሊዝኛው በባለቤቱ ይታረም።
ምስል አራት ላይ ያለው ድርብ ጣሪያ፣ ምንጩ የት ነው? ዋቢ የለውም።»

ዋቢ!
ድሮ በዛፍ ሥር ችሎት፣ «ዋስ ዋቢ ጥራ» ሲሉ፣
ሰው ነበር ተነስቶ የሚቆም፣ ከነጋቢው፣ ከነቃሉ።
ዛሬ ዋቢ ማለት ወረቀት ነው፣ ዓመተ ምሕረትና ቅጽ ያለው።
አጁሉ ቅጽ የላትም። ያላት ጣሪያ ነው።

አማካሪዬን ሲግሩንን ጠየቅኳት፤ ደግ ሰው ናት፣ ብስክሌት በበረዶ የምትነዳ፤
«ምስጋናው ላይ አስገቢያት» አለችኝ፤ «ልማዱ ነው፤ የለበትም ዕዳ።»
ምስጋና፦ ከመጨረሻው ገጽ፣ ከገንዘብ ሰጪው ቀጥሎ፣ በደቃቅ ፊደል፣
«ለአካባቢው ነዋሪዎችም» የሚል፣ ማንም አንባቢ የሚዘለው ዘለል ዘለል።

አስገባሁ። እንግሊዝኛውን አሳረምኩ። የማሳተሚያውን ዋጋ ዩኒቨርሲቲው ቻለ፤
ስንት ጣሪያ ሣር ያለብስ ነበር? ልቤ ማስላት ጀምሮ፣ መሃል ላይ ዝም አለ።

በሰኔ ታተመ፤ ፀሐይዋ አልጠልቅ ባለችበት ወራት።
ደወልኩ። የእህቷ ልጅ ኦፒየው ስልኩን ሰጣት።
«ቤትሽ መጽሔት ላይ ወጣ።»
«ደግ። ስንት ቤት አቀዘቀዘ?»
ታኅሣሥ ያላሸነፈው ምላሴ በሰኔ ደነዘዘ።

«ያ ሣር ደግሞ» አለች «ምስጥ በላው፤ ሁለት ክረምት አልቆየም፤
እንጨቱም ተቦረቦረ። አሁን ብታይው አታውቂውም።
ከሥሩ ዱባ ተከልን፤ ሐረጉ ወጣ፣ ቆርቆሮውን ዋጠው፤
ጥላም ነው፣ ወጥም ነው። ይኼንንም ጻፊው።»

ምስል አራት!
ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ዙር፣ ያ ሁሉ ዋቢ ፍለጋ፣ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ፣ ለካ
ሦስት ገምጋሚ ያሳለፈውን አራተኛዋ ምስጥ ጥላዋለች፣ ደብዳቤ እንኳ ሳትልክ።

በማይመሸው ሌሊት «እርማት» የሚለውን ቅጽ ከፈትኩ።
ደራሲ አንድ፦ አጁሉ ኦቻን።
ኢሜይል? የኦፒየውን ሰጠሁ።
ተቋም? ባዶ መተው አይቻልም ይላል፣ በቀይ።
ከመስኮቴ ማዶ መጋዘኖቹ ውሃው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ነበር፤
የአናጢዎቻቸውን ስም ጠይቄ የነገረኝ የለም።
«ባሮ ማዶ፣ ከዱባው ሐረግ ሥር» ብዬ ጻፍኩ።
ቀዩ አልጠፋም።

ጠዋት ኦፒየው ፎቶ ላከ፤ ምስል አራት «ለ» አልኩት።
ቀትር ነው፤ ጥላ ከሰው እግር ሥር የገባበት።
ቆርቆሮው ላይ፣ ሰፊ ቅጠል ተከናንባ፣
አንዲት ድመት ተኝታለች።