ሁለት መስመር ቦታ

ጸሐፊዋ ቅጽ ላከች፣ ለአዲሱ ክሊኒክ በር ነው፤
«ስም፣ ትምህርት፣ የሥራ ቦታ። ሁለት መስመር ነው፣ ሙዪው፤
ታካሚው ገና ሲገባ ማን እንደሆንሽ ይየው።»
ማን እንደሆንኩ ያይ ይሆን?
እኔ ሥራ የምጀምረው ዐይኑ ሲከደን ነው።

ስም፦ ኤልሲራ ናዌልኪን። ይሄ አያስቸግርም።
ትምህርት፦ ቫልዲቪያ ሰባት ዓመት፣ ዝናቡ አያባራም፤
ከዚያ ሦስት ዓመት ሳንቲያጎ፣ የሰመመን ሕክምና፤
ለራሴ እንቅልፍ አጥቼ ሰው ማስተኛት ተማርኩና
ተመረቅሁ። ወረቀቱ አለ፣ እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል፤
ዓርብ ዓርብ ትወለውለዋለች፣ ማኅተሙ ግን ደብዝዟል።

የሥራ ቦታ፦ ሰኞና ማክሰኞ ካስትሮ፣ የመንግሥት ሆስፒታል፤
ረቡዕ ባሕር ተሻግሬ ፖርቶ ሞንት፣ ከፋይ ሰው ይጠብቀኛል፤
ሐሙስ ኬዮን ነኝ፣ በአውቶቡስ፣ የመንገዱ ማለቂያ ላይ፤
ጣሪያው ባልዲ ውስጥ ጠብ ይላል፣ ከልብ ማሳያው ድምፅ በላይ።
ድንች በጆንያ ይመጣል፣ ቆዳው እንደ ወይን የጠቆረ፣
ለቀዶ ጠጋኙ ለባስኩኛን። ለእኔ ማን አስቦ ነበረ?
አልቀየምም። የምሰጠው መርሳትን ነው።
ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤
የእኔ በሌላ ሰው ልብ ነው።

ከታች አንድ መስመር አለ፦ «የቀድሞ ልምድ ካለ።»
ብዕሬ እዚያ ላይ ዋለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባቴ ጀልባ፣ ቀለሟ የተላላጠ፣
አየር የሚነፋ ሞተር፣ ጭሱ ዐይን የቆጠቆጠ፣
ከሞተሩ ረጅም ቱቦ፣ ባሕሩ ሆድ ውስጥ የሰረጠ፤
ከቱቦው ጫፍ ሊሳንድሮ፣ ሃያ ክንድ ታች፣
ከዐለት ላይ ዛጎል ሲፈለቅቅ።
የእኔ ሥራ ቱቦውን መያዝ፣ አረፋውን መጠበቅ።
አንዴ ከጎተተ፣ ልቀቂ። ሁለቴ፣ አጥብቂ። ሦስቴ፣ አውጪኝ።
«ዐይንሽን ከውኃው ካነሣሽ ሰው ገደልሽ» ይለኝ ነበር አባቴ፣ «ስሚኝ።»

ያን ቀን ጠጥቶ ነበር? አላውቅም። ተኝቷል።
ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ዝም አለ። ቱቦው ላልቷል።
አረፋው ጠፋ።
ሳብኩ። መዳፌ እስኪላጥ፣ ቱቦው በደሜ ሲያንሸራትት፣
ሳብኩ፤ ሊሳንድሮም ወጣ፣ ቶሎ፣ እጅግ ቶሎ፣ ከሞት ተርፎ በጥቂት።
ከባሕሩ የጠፋው አረፋ ደሙ ውስጥ ገብቶ ኖረ፤
አጥንቱን ከውስጥ እየበላ፣ ዳሌው በየዓመቱ ተሸረሸረ።

ያለፈው ማክሰኞ፣ ካስትሮ፣ ሁለተኛ ተራ ላይ ስሙን አነበብኩ፦
ሊሳንድሮ ካርካሞ፣ ሰባ አንድ፣ ዳሌ መቀየር። እንደገና አነበብኩ።
አላወቀኝም። ከቆብና ከጭንብል መሃል፣ ከዐይን በቀር ምን አለኝ?
«የት የት ነው የምትሠሪው፣ ልጄ?» አለ፣ ፍርሃቱን ሊሸሽግ መሰለኝ።
ቆጠርኩለት፣ ሦስቱንም ከተማ።
«ብዙ ነው» አለ። «እኔ አንድ ቦታ ብቻ ነው የሠራሁት፣ ታች።
ግን ከላይ ሰው ነበረኝ።»

ወተት መሳዩን መድኃኒት ሰደድኩ። ከዐሥር ወደ ታች ቆጠረ፤
ሰባት ላይ ምላሱ ታሰረ።
ከመታሰሩ በፊት ግን እጁ እጄን ፈልጎ አገኘ፤
አንዴ፣ ሁለቴ ጎተተ።
አጠበቅሁ።

ባስኩኛን ሲመታ፣ ሲሞርድ፣ አጥንት ሲሰነጥቅ፣
ሦስት ሰዓት ሙሉ እኔ አረፋ ስጠብቅ፣
ደረቱ ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ ዐይኔን ከቱቦው ሳልነቅል፤
ከዚያ አወጣሁት፣ በዝግታ፣ በዚህኛው ዙር በዝግታ፣
ባሕሩ እስኪለቀው ስከተል።
«ብርድ ነው» አለ ሲነቃ። ብርድ ልብስ ደረብኩለት። ስሜን አልጠየቀም፣
እኔም አልነገርኩትም።

አሁን ከምሽቱ አራት ሆኗል። ቅጹ እፊቴ ተዘርግቷል።
«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩ።
«ቱቦ መያዝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ጸሐፊዋ ምን ትላለች? እሱም ተሰርዟል።
ነገ ረቡዕ ነው። ማዕበሉ ይከፋል ብለዋል።
ሰሌዳው ለሳምንት ይቆያል።