የቀሪዎች ገጽ

ዴጆን ከተማ ላይ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ፣
ሄዎን ቁልፍ ትሥላለች ምሳ የሚያሳውቅ።
ክብ ነው፣ ደማቅ ነው፣ ዳር ዳሩ ለስላሳ፣
«እመጣለሁ» ይላል ሰው ሲጠራ ለምሳ።
ከጎኑ አንድ ሌላ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ጠባብ፣
«አልመጣም» የሚል ነው፤ ዓይንን የማይስብ።
«እምቢታ ይቅጠን» አለ አለቃዋ ጊልሱ፣
«እሺታ ነውና የዚህ አፕ ምሱ።»

አምስት ሰዓት ተኩል፣ እንደ ራበው ሆድ፣
አርባ አንዱ ስልክ ሁሉ ያጉረመርማል ባንድ።
ኑድል ነው? ጥብስ ነው? ድምፅ ይቆጠራል፤
ስድስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በር ይዘጋል።
ፊት ይደረደራል፤ የሚመጣው ደምቆ፣
የማይመጣው ደግሞ ግራጫ ለብሶ፣ ርቆ፣
ከሥሩም ባጭሩ፦ ቀሪ።

በኔ ቋንቋ ቢሆን ቃሉ ሁለት ፊት አለው፤
ቀሪ ያልመጣ ነው፣ ቀሪ የተረፈ ነው።

ባንግ ዱሺክ ይባላሉ፣ ሒሳብ ነው ሥራቸው፣
ሰማንያ ሦስት ቀን ግራጫ ምስላቸው።
«ይህ ሰው አይሳብም» አለ ጊልሱ ቆጥሮ፣
«ማሳሰቢያ ላኪ፤ ይመጣል እሱ አፍሮ።»
ሄዎንም ሣለች እንባ ያለው ሳህን፣
«ናፈቁን» እያለ የሚያለቅስ ቀን በቀን።
ሳህኑ ባለቀሰ ቁጥር የሰውየው ፊት
ይበልጥ ገረጣ እንጂ አልደመቀም አንድም ዕለት።

ማክሰኞ ሊፍቱ ተበላሸ።
ሄዎን በደረጃ ስትወርድ፣ በስድስተኛውና
ባምስተኛው ፎቅ መሀል፣ ጋዜጣ አንጥፈው፣
ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አሰልፈው፣
የሩዝ ገንፎ ከቴርሞስ ክዳን ሲበሉ አገኘቻቸው።
ቀጭን ገንፎ፤ ላዩ ላይ የሽንኩርት ቅጠል እንኳ የሌለበት።

«ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል በኛ።
ይህን የተናገረው ሰው ግን በዚህ ደረጃ አልወረደም፤
ለሌላው ሲል ብቻውን የሚበላ አላጋጠመውም።

«ጥርሴን አስነቀልኩ» አሉ፣ አፋቸውን በእጃቸው ጋርደው፣
«አዲሱ እስኪደርስ መከር ይሆናል። ከነሱ ጋር ስቀመጥ
ሁሉም ጨርሶ እኔን ይጠብቃል፤
ጊልሱ ሰዓቱን ያያል።
መቅረት አልፈለግሁም። መምጣትም አልቻልኩም።
የትኛውን ልጫን?»
ከዚያ ማንኪያቸውን ጠረጉና፦
«ያ ሳህን ግን ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?
የራበውስ እኔን ነው።»

ቀለም ትመዝናለች፣ ርቀት ትለካለች፣
አውራ ጣት የት እንደሚያርፍ በሚሊሜትር ታውቃለች፤
ገጽ ስትሠራ ኖራ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ
ገጽ አላየችም ነበር፤ መስታወት ነበር ሁሉ።

በዚያ ሌሊት ሦስተኛ ቁልፍ ሣለች።
ስም አጣችለት። «በዝግታ እመጣለሁ» ረዘመ፤
«ምናልባት» ዋሸ። መጨረሻ ላይ
«ግን» ብላ ተወችው፣ ሌላ ምንም ሳትጨምር፣
ልክ እንደ «እመጣለሁ» ሰፊ፣ ልክ እንደሱ ደማቅ።
«ማን ይጫነዋል?» ብሎ ሳቀ ጊልሱ።

አሥራ አራት ሰው ተጫነው።
አንዷ ገንዘብ የላትም፣ ደመወዝ እስኪገባ፤
አንዱ ሚስቱ ሄዳ፣ ቅርብ ነው የሱ እንባ፤
አንዱን ሽሪምፕ ያሳክከዋል፤ ሌላው አለቃው አጠገብ
ሲቀመጥ ጉሮሮው ይዘጋል።
አሥራ አራተኛው ራሱ ጊልሱ ነው። ምክንያቱን አልጻፈም።

ባንግ ዱሺክ ግን አፑን አላደሱትም።
ስልካቸው አሮጌ ነው፤ አዲሱን አይቀበልም።
ፊታቸው ዛሬም ግራጫ ነው፤
ቀሪ፣ ሰማንያ ዘጠኝ።

ሊፍቱ ተጠግኗል።
ሄዎን የሾርባ ዕቃዋን በጨርቅ ጠቅልላ፣
ምንም ቁልፍ ሳትነካ፣
በደረጃው ትወርዳለች፤
ጋዜጣው ላይ ለሁለት የሚበቃ ቦታ እንዳለ
ገና አላወቀችም።