ሞቱን እዚያው ትቶ

አዳራሹን ስሚንቶ ከወረሰው ወዲህ
ቴአትር የምንሠራው እንዲህ ነው፣ እንዲህ፦
ንጉሡ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
ጠላቱ ኮዬ ነው፣ ከጎማ ጥገና በላይ፣
ንግሥቲቱ ገላን፣ ልጇን አስተኝታ፣
የበሩን ስንጥቅ በፎጣ ዘግታ።

እኔ አስታዋሽ ነኝ።
ድሮ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጢጥ ብዬ
ቃል የጠፋበትን በሹክሹክታ አባብዬ
አሻግረው ነበር።
አሁን አውራ ጣቴ ስልክ ላይ ይሮጣል፣
ቃሉን ሳላቀብል ኔትወርኩ ይቋረጣል።

ዘውዱ የተሠራው ከዘይት ጣሳ ነው፤
ካሜራ ሲያየው ግን ወርቅ ነው የሚመስለው።
ካባው ከጫልቱ ቤት የመጣ መጋረጃ፤
ዙፋኑ የእድር ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ማስረጃ።
ቶለሳ ከኮዬ ሰይፉን ይሰነዝራል፣
ጥጋቡ ቱሉ ዲምቱ ደረቱን ይይዛል፤
መስመሩ ሲዘገይ ነገር ይገለበጣል፦
ሰይፉ ገና መንገድ ላይ፣ ደሙ ቀድሞ ይመጣል።

ቅዳሜ ማታ ነው። አርባ አንድ ተመልካች።
ከላይ ጥግ ላይ ቁጥሯን ዓይን ይዛ ቆማለች።
ከአርባ አንዱ አንዱ ጋሽ ታምሬ ናቸው፣
ያዳራሹ በር ጠባቂ፤
ገና ሲገቡ ጻፉልን፣ በአንድ ጣታቸው፦
«ልጆች፣ ትኬት የማንን ልቅደድ?»

ንጉሡ ሊሞት ነው።
እጁን ወደ ግራ፣ ወደ ገላን ዘረጋ፤
እማዋይሽ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ።
ጣቶቻቸው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ እንዲነካኩ
ስንት ማታ በማስመሪያ ለክተናል።
«አገሬን…» አለ። «አገሬን…» ቀጠለ።
የጠፋበት መስሎኝ ቃሉን ልጽፍ ስል
ዓይኑ ወደ በሩ ተንጠለጠለ።
ከታች፣ ከምድር ቤት፣ ደረጃ በደረጃ፣
የልጅ ጩኸት ይወጣል፦
«ውሃ መጣ! ውሃ!»

አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል።
ንጉሡ ተነሣ።
ሞቱን እዚያው ትቶ፣ ዘውዱን እንዳጠለቀ፣
ቢጫ ጀሪካን ይዞ ካይናችን ራቀ።

ባዶ ዙፋን ቀረ። ከባዶው ዙፋን ጀርባ
መጀመሪያ የቧንቧ፣ እንዳዛውንት ሳል፣
ከዚያ የዝገት ምራቅ፣ ከዚያ ውሃ ይሰማል፣
በባልዲ፣ በሳፋ፣ በድስት ሲገባ።
እማዋይሽ እጇን እንደዘረጋች ናት።
ምንም አልጻፍኩላት።
ደብተሬ ውስጥ ውሃ የሚል ቃል የለም።

ተመልካች ግን ጻፈ፦
«እኛም ጋ መጥቷል፣ አንድ ጊዜ፣ መጣሁ።»
«እኛ ጋ ጠብ አላለም፤ ብሎኩ ስንት ነው?»
አርባ አንዱ ሃያ ሆነ፣ ሃያው ደግሞ ሰባት፣
በመጨረሻም ዓይኗ ጋሽ ታምሬ ብቻ ቀሩባት።

ባዶ አዳራሽ አውቃለሁ።
በሐምሌ ዝናብ ለአራት ሰው ተጫውተናል፣
ጣራው ላይ ቆርቆሮው ሲያጨበጭብልን።
እንዲህ ያለውን ግን፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሆኖ፣
ከአንድ መስመር ውሃ በአንድ ሌሊት ሲቀዳ፣
እኔ ጨለማ ውስጥ ያንን ስሰማ፣
ባዶ ልበለው ወይስ ሙሉ?
እስካሁን አላወቅሁም።

ሩብ ሰዓት አልፎ ንጉሡ ተመለሰ፣
እጅጌው እስከ ክርኑ በውሃ የራሰ።
ይቅርታም አላለ። ወለሉ ላይ ተኛና
ካቆመበት ቦታ መሞቱን ቀጠለ።

እማዋይሽ ጮኸች።
ስድስት ወር ስናጠና እንዲያ አልቅሳ አታውቅም።
በኋላ ስጠይቃት፣
«ገላን አልመጣም» አለችኝ፣ «ቧንቧውን ከፍቼ ነበር የተቀመጥኩት።»

ቁጥሯ መነሣት ጀመረች፦ አንድ፣ ስምንት፣ ሠላሳ፣
በእርጥብ ጣት የተነካ ስልክ እየተነሣ።
ጋሽ ታምሬ ያን ጊዜ፣ ፊደል እየሳቱ፣ ጻፉ፦
«በሩን ዘግቻለሁ።
የዘገየ ውጭ ይቁም፣
ሰውየው ሞቶ እስኪጨርስ።»