ስንቅ አመላላሹ

ማሪኪታ፣ ኮሎምቢያ፤ ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣
ሩዝ በሸንኮራ አብስዬ፣ ቆርጬ በሁለት ጣት ስፋት፣
የዘይቱን ማርማላታ በቅጠል ጠቅልዬ፣
ለሰባት ጋላቢ እኩል አደላድዬ፣
በየጥቅሉ ጀርባ በእስክሪብቶ ጻፍኩኝ፦
«በሰዓት ዘጠና ግራም። ሳይርብህ ብላልኝ።»

ረሃብማ የዘገየ የባንክ ደብዳቤ ነው፤
አንብበህ ሳትጨርስ ቤቱ የሌላ ሰው።

ኤቫሪስቶ የማን ነው? የሁሉም።
ከመኪናው እስከ ግንባር ይመላለሳል፣ አይቆምም፤
አራት ኮዳ በጀርባው፣ ሁለት በጉያው፣
ግመል ይመስላል ከኋላ ላየው።
«ብላ እንጂ!» አልኩት፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፤
«ቆይ» አለኝ፣ «ይቺን ላድርስና፤ እበላለሁ መጥቼ።»

አንዴ አደረሰ።
ደግሞ አደረሰ።
ፍሬስኖ ላይ ዝናብ ጣለ፤ የሌትራስ ዳገት ባሰ።
አለቃውን አኒባልን ሩዝ አጎረሰ፤
ለጀማሪው ልጅ ማርማላታውን ልጦ፣
ቅጠሉን በጥርሱ ቀዶ፣ በአንድ እጁ መሪ ጨብጦ።
ጣቱ ላይ የቀረውን ጣፋጭ ሳይልስ በማሊያው ጠረገው።
አየሁት። ያኔ ብጮህ ምን ነበረ? ምን አፌን ዘጋው?

ሽቅቡ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው። ስድሳ አራተኛው ላይ
መጀመሪያ የከዳው ቀለም ነው፤ ግራጫ ሆነበት ሜዳና ሰማይ።
ቀጥሎ ቁጥር። «ስንት ቀረን?» ሲለኝ «አስራ ስድስት» ብለው፣
«ከስንት?» አለኝ። ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ ያለው።
ከዚያ ጉልበት። ጉልበቱስ ደህና ነው፤ ሐኪሙ ነካክቶ አይቶታል፤
አንድ ስም ሁለት ነገር ይዞ፣ አንደኛው አልቆበታል።

አልወደቀም። ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤
አደራ ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ፈጠጠ።
ማሊያውን ብገልጠው ሦስቱም ኪስ እንደሞላ፣
ዘጠኝ ጥቅል፣ «ብላልኝ» ያልኩት፤ አንዱም አልተበላ።
«ምነው?» ብለው፣
«የነሱ መስሎኝ ነው።»

ትኩስ የሸንኮራ ውሃ በክዳን በክዳን አጠጣሁት፤
ቅጠል ገልጬ፣ መንጋጋውን ይዤ አጎረስኩት።
ጣቴን ነከሰኝ።
ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ይላል ሰው ሲያማርር፤
እኔስ ደስ አለኝ፣ ጥርሱ ሥራ ሲጀምር።

ነገ በየጥቅሉ የምጽፈው ግራም አይደለም፤ ስሙን ነው።
ቀስ እያለ ቀለም መጣ። ቅጠሉን አገላብጦ አየው፤
«አረንጓዴ ነው» ሲል ነገረኝ።
ዝም አለ። አኘከ። ዋጠ።
«አኒባል በልቷል?» ሲል ጠየቀኝ።