በቀኟ በኩል

ሶሄይ ነው ያመጣው ከመዋዕለ ሕፃናት፣
ከጓንቱ፣ ከወረቀት ወፉ ጋር፣ በረዶ በጣለበት ዕለት።
እናቱ ሻርፑን ፈትታ፣ ሌላ ልትፈታ እጇን ሰደደች፤
ሁለተኛ ሻርፕ አልነበረም።
ጉንጩ ነው። ደነገጠች፣
ቀጥላም ሳቀች።

ማን አይስቅም?
በሀኮዳቴ ወደብ፣ ከዓሣ ሻጮቹ መደብ በላይ፣
የአንዲት ሳቂታ ሴት የእንጨት ፊት ተሰቅሏል፣ ላላፊ አግዳሚው የሚታይ፤
ጉንጯ ሌሊቱን እንዳደረ ሊጥ ኩፍ ያለ፣
ዓይኗ በሳቅ የተከደነ፣ ግንባሯ የተንጣለለ።
ኦታፉኩ ነው ስሟ፤ ደጅ ላይ ከዋለች ገበያው ይቀናል ይላሉ፣
ሕመሙንም በሷ ጠርተው «የኦታፉኩ ጉንፋን» አሉ።
እኛ ደግሞ «ጆሮ ደግፍ» አልነው።
ሁለቱም ስም የዋህ ነው፤
አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የሚደግፍ፣
ማናቸውም አይነግሩህም ደጋፊው ሲያልፍ
ምን ይዞ እንደሚያልፍ።

አክስት ሂሳኤ እርጥብ ፎጣ ባገጩ ዙሪያ አሰረች፣
አናቱ ላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቋጠረች።
ቺጉሳ፣ እህቱ፣ የዘጠኝ ዓመት ተንኮለኛ፣
በጨው የታሸ ፕሪም ከማሰሮ አውጥታ
ፊቱ መጠጠችው፣ ዓይኗን ጨፍና።
ምራቁ አፉን ሳይሞላ መንጋጋው ሥር ስለት ገባ፤
እሷ በሳቅ ሞተች፣ እሱ እየሳቀ አነባ።

በሳምንቱ ጎደለ።
ከዚያ የቺጉሳ ተራ፤ አንድ ጉንጭ ብቻ፣ በግራ በኩል፣
ሁለት ቀን ትኩሳት፣ በሦስተኛው «ትምህርት ቤት ልሂድ» ስትል
እናት ተነፈሰች። «ይኼም ሄደ» አለች፣
የቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ ሰረዘች።

አባት ባሕር ላይ ነው፤ መብራት አንጠልጥለው
ሌሊት ከሚያጠምዱት ጀልባዎች ባንዱ ነው።
ቅዳሜ ማታ ከሩቅ ወደብ ደወለ።
ቺጉሳ ሮጣ አነሣች፤ በቀኟ እርሳስ ይዛ ነበርና
በግራ እጇ፣ በግራ ጆሮዋ።
«አባዬ?»
ማንም የለም። ዘጋች።
ደግሞ ጮኸ። ደግማ አነሣች።
«ሰው እየቀለደ ነው» አለች።
በሦስተኛው አክስት ሂሳኤ ነጠቀቻት፤
እጀታው ውስጥ አባት ይጮህ ነበር፣
«ቺጉሳ፣ ለምን ትዘጊብኛለሽ?» ይል ነበር።

ሐኪሙ ጠባብ ክፍል አስገብቶ ማዳመጫ ጫነላት፣
«ድምፅ ስትሰሚ ቁልፉን ተጫኚ» አላት።
በቀኝ፦ ተጫነች፣ ተጫነች፣ ተጫነች።
በግራ፦ አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤
ጠበቀች፤
ገና ያልተጀመረ መስሏት።

«ይኼ ጆሮ አይመለስም» አለ ለእናት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ቺጉሳ በቀኟ ሰማችው።

እናት ክትባቱን አሰበች፤
በክፍያ ነበር፣ በፈቃድ ነበር፣
ለመጪው ወር ይቆይ ያለችው ራሷ ነበረች።
«ሁሉም ልጅ ያልፍበታል» ብሏት ነበር ጎረቤት፣
እሷም ብላ ነበር ለሌላ ጎረቤት።
እውነት ነው፣ ሁሉም ያልፍበታል፤
ባንዳንዱ ላይ ግን እሱ ነው የሚያልፍበት።

ዛሬ ሶሄይ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በአንድ ራስ ይበልጣታል።
ፎጣውን፣ ፕሪሙን አያስታውስም፤ ሲያወሩት ዝም ብሎ ይሰማል።
መንገድ ሲሄዱ ግን ማንም ሳይነግረው በቀኟ ነው፤
ቁልቁለቱን ወደ ወደቡ ሲወርዱ፣ በቀኟ ነው፤
ምግብ ቤት ሲገቡ፣ ግድግዳውን ለግራዋ ሰጥቶ፣
በቀኟ ነው።

አንዳንዴ ብቻ፣ በረዶ ሲጥል፣
ጫማውን ሊያስር ወደ ኋላ ይቀርና
በግራዋ ይመጣል።
የሆነ ነገር ይላል፣
አጭር፣ ሁልጊዜ ያው ይመስላል።

እሷ አትሰማም።
ከኮቷ ኮሌታ ባሻገር፣ በዓይኗ ጥግ፣
ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ታያለች፤
«ምን አልክ?» አትለውም።
እርምጃዋን ትንሽ ታዘገያለች።